ድሬ ላይ ዶፍ ዝናብ ሳይመጣ፣ ሲመጣና ከመጣ በኋላ ምን ላድርግ? ከጣሪያ እስከ ደቻቱ ደረጃ በደረጃ

አቦ ሙቀቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ለወራት ጠብ የሚል ነገር ጠፍቶ፣ ማታ ማታ ፍራሽ ግቢ አውጥተን እየተኛን፣ ወንዛችን ደቻቱ ነጭ አሸዋ ሆኖ ልጆች ኳስ እየተጫወቱበት ቆይቶ አንድ ቀን ከሰአት በድንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጥቁር ይላል። ቀዝቃዛ ንፋስ ይመጣል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ "ተመስገን" "አልሀምዱሊላህ" ይላል። እኔም ደስ ይለኛል፣ ድሬ ላይ ዝናብ የማይወድ ሰው የለም። ግን ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዶፍ ከሁሉም ዝናብ በላይ ሳንዘጋጅ የሚያገኘን እሱ ስለሆነ ቤታችንን እና ልጆቻችንን እንዴት አድርገን እንደምንጠብቅ የማውቀውን በሙሉ እዚ ልጽፈው ነው። ረጅም ነው፣ ግን ደረቅ በሆነ ቀን አንብባችሁ ጨርሱት፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ለማንበብ ጊዜ አይኖራችሁም።

በቅድሚያ ሁለት ነገር እንግባባ

ብዙ ሰው መሬቱ ስለጠማው ውሃውን ዝም ብሎ ይጠጣዋል ይላል። ተቃራኒው ነው። ለወራት ፀሀይ ያነደደችው አፈር ላዩ ደርቆ እንደ ምጣድ ይሆናል፣ ከዛ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠብታዎች ሲመቱት ደቃቁን አፈር በትነው ያሉትን ቀዳዳዎች ይደፍኗቸዋል፣ ስለዚ ውሃው ወደ ውስጥ ከመግባት ላይ ላዩን ይሮጣል። ውሃ ሳታጠጡት የከረመ የአበባ ማሰሮ ካለ ሞክሩት፣ መጀመሪያ ያፈሰሳችሁት ውሃ ላዩ ላይ ተንሳፎ በጎን በኩል ነው የሚወርደው። ከተራራው ላይ ደሞ ዛፉ ስለሳሳ ሳሩም በድርቁ ስላለቀ የሚይዘው ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር የድሬ አቀማመጥ ነው። እኛ ያለነው 1200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ ከደቡብ በኩል ድንገጎ እና ከሱ በላይ ያለው ደጋ 2000 ሜትርን ያልፋል፣ መሀላቸው ያለው ርቀት ግን በጣም አጭር ነው። እዛ ላይ የዘነበው በሙሉ በደቻቱ፣ በጎሮ እና በሌሎቹ ሸለቆዎች አድርጎ ወደኛ ነው የሚወርደው፣ ከዛ ወደ ሰሜን ሜዳው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ይሄ ማለት ከዚራ ሰፈር ላይ ፀሀይ ወጥቶ፣ ከወንዙ ማዶ መጋላ ላይም አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ከዚ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙልኝ፦ ድሬ ላይ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ተራራውን ተመልከቱ።

ይሄን ዝም ብዬ አይደለም የምለው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ደቻቱ ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን፣ ቤቱ ሜዳ ሆኖ የቀረበት ሰው ቁጥር ደሞ ብዙ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቤታችን ከወንዙ ራቅ ይላል ግን ድምፁን አልረሳውም፣ እናቴ የእቃ ባቡር መስሏት ነበር። ከዛ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሰርቷል፣ ያም ሆኖ ሚያዝያ 2012 ላይ በጣለው ዝናብ ጎርፍ እንደገና ሰው ገድሏል። ግንብ አለ ብላችሁ አትተኙ።

ደረጃ 1፦ ጣሪያ (ከዝናቡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ)

የድሬ ቆርቆሮ ቀን በሙቀት ይለጠጣል ማታ ይሸበሸባል፣ ይሄ በየቀኑ ስለሚደጋገም ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከስሩ ያለው ጎማም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚ አምና ያላፈሰሰ ጣሪያ ዘንድሮ አያፈስም ማለት አይደለም።

ቀዳዳውን ለማግኘት ወደ ላይ መውጣት አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ ፀሀይ አናት ላይ ስትሆን መስኮትና በር ዝጉ፣ መጋረጃ ጣሉ፣ ክፍሉ ጨለማ ይሁን፣ ከዛ ቀና በሉ። ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራላችኋል። ኮርኒስ ካለ በመግቢያው በኩል ገብታችሁ ከላይ ነው የምታዩት። በጠመኔ ወይ በከሰል ከውስጥ ምልክት አድርጉበት፣ ከውጪ ሲወጡ ቦታው ስለሚጠፋ ከግድግዳው ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ። ውስጥ ያለ ሰው በዱላ ቀስ አድርጎ ቆርቆሮውን ቢያንኳኳ ደሞ ላይ ያለው ሰው በድምፁ ያገኘዋል።

ለመውጣት ጠዋት 12 ሰአት ተኩል አካባቢ ውጡ፣ 3 ሰአት ካለፈ ቆርቆሮው እጅ ይጠብሳል። ስትሄዱ ሚስማሩ በተደረደረበት መስመር ላይ ብቻ እርገጡ ምክንያቱም እንጨቱ ያለው እሱ ስር ነው፣ መሀል ለመሀል የረገጠ ሰው ወይ ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል ወይ ራሱ ይገባል። የላላውን ሚስማር መልሶ መምታት ብዙ አያስኬድም፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ነቅላችሁ ትንሽ ወፈር ያለ ሚስማር ከአዲስ ጎማ ጋር ምቱ። ትናንሽ ቀዳዳ ላይ ሲሊኮን ይሰራል ግን መጀመሪያ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ካላደረቃችሁት ይላቀቃል፣ ብዙ ሰው እዚ ላይ ነው የሚሳሳተው ከዛ ሲሊኮኑን ይሰድባል። ሰፋ ላለ ቀዳዳ የድሮው ዘዴ አሁንም የሚያህለው የለም፣ ሬንጅ ቀብቶ ቁራጭ ጨርቅ ማልበስና በላዩ ላይ ድጋሚ ሬንጅ።

ዝናቡ ከንፋስ ጋር ነው የሚመጣው። የቆርቆሮውን ጫፍ ጫፍ በእጃችሁ ወደ ላይ ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ፈትሹ፣ የሚንቀሳቀስ ካለ እሱን ነው ንፋሱ መጀመሪያ የሚይዘው። ድንጋይና ጎማ ጭኖ መተው የተለመደ ነው ግን እኔ አልወደውም፣ ጠንካራ ንፋስ ድንጋዩን ከቆርቆሮው ጋር ያወርደዋል፣ ታች ደሞ ልጅ ሊኖር ይችላል። በሽቦ ከእንጨቱ ጋር ማሰር ይሻላል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የድሮ ቤት ያላችሁ ደሞ ጣሪያችሁ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላ ፀባይ አለው። እዛ ዋናው ጠላት ውሃው መተኛቱ ነው። ላዩ ላይ የበቀለ ሳር ካለ ከነስሩ ንቀሉ፣ የተሰነጠቀውን ድፈኑ፣ ውሃው የሚወርድበትን ቀዳዳ አጽዱ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ሲሚንቶ ከመለሰናችሁ በፊት የድሮ ቤት አሰራር የሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቁ፣ ሲሚንቶ ከድሮው ጭቃና ድንጋይ ጋር አብሮ አይተነፍስም።

ደረጃ 2፦ አሸንዳና ውሃው የሚሄድበት መንገድ

ከዚራ አካባቢ ያላችሁ የኒም ዛፉ ጥላ በረከት ነው፣ ቅጠሉ ግን አሸንዳ ውስጥ ገብቶ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ እንደ ጡብ ይሆናል። እኛ ቤት አንዴ ሳናጸዳው ዝናቡ ቀደመንና ውሃው አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ኋላ ተመልሶ በኮርኒሱ ገባ፣ ጣሪያው ላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም። ስለዚ አሸንዳውን በእጅ ጥረጉት፣ ከዛ አንድ ባልዲ ውሃ ከሩቁ ጫፍ አፍስሱና ሄዶ በቱቦው ሲወርድ እዩ። መሀል ላይ ከቆመ ተዳፋቱ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ማንጠልጠያውን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት፣ በየሁለት ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃዋል።

ከዛ በባልዲው ግቢውን ፈትሹ። ውሃ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት። ወደ ቤቱ መሰረት የሚሄድ ከሆነ በዶማ ትንሽ ቦይ ቀዳችሁ ወደ ውጪ አውጡት። የሰፈሩን ቱቦ ደሞ ተጠራርታችሁ አጽዱ፣ በደረቁ ወራት ፌስታልና የጫት ገራባ ሞልቶታል፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ያንን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ድልድይ ስር ይወትፈውና ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰአት ያህል ብትሰሩ በቂ ነው። ያወጣችሁትን ቆሻሻ ቱቦው ዳር ክምር አድርጋችሁ እንዳትተዉት፣ ተመልሶ ይገባል፣ በጋሪ አስነሱት።

ደረጃ 3፦ የአሸዋ ማዳበሪያ በር ላይ

ቤታችሁ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ብቻ ነው ይሄ የሚያስፈልጋችሁ። ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ከግማሽ ትንሽ አለፍ የሚል አሸዋ ጨምሩ፣ ሙሉ በሙሉ ከሞላችሁት ድርቅ ብሎ ክፍተቱን አይደፍንም። አፉን ከስሩ አጥፋችሁ አስተኙት፣ በእግር ረግጣችሁ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ ሁለተኛውን መስመር እንደ ጡብ አሰራር መገጣጠሚያው ላይ አስተኙ። ከፊት ለፊቱ ወፍራም ላስቲክ ብታለብሱት ውሃውን በደንብ ይይዛል። ሶስት መስመር ለአንድ በር ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከመጣ ቤቱን ለቆ መውጣት ነው እንጂ መታገል አይደለም።

አንድ ነገር አደራ፣ ማዳበሪያውን ስትደረድሩ ውሃው ወዴት እንደሚዞር አስቡ። የናንተን በር ዘግታችሁ ወደ ጎረቤት አሮጊት ቤት ከላካችሁት ምኑን ጠቀማችሁ። ተነጋግራችሁ አንድ ላይ ስሩት። አሸዋውን ከደቻቱ ስታመጡ ደሞ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ፣ ተራራው ላይ ዳመና ካለ ወንዙ ውስጥ አትግቡ።

ደረጃ 4፦ ዶክመንትና የሌሊት ቦርሳ

አጭር ነው። መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ሁሉንም በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ አየሩን አውጥታችሁ ቋጥሩ፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። በየቀኑ የሚዋጥ መድሀኒት (ስኳር፣ ደም ግፊት) የሶስት ቀን ይኑር። የእጅ ባትሪ፣ ቻርጅ የተደረገ ፓወር ባንክ፣ ጥቂት ካሽ፣ ለህፃን ወተትና ልብስ። ቦርሳው በሩ አጠገብ ከፍ ያለ ሚስማር ላይ ይሰቀል፣ አልጋ ስር አይደለም፣ ጎርፍ መጀመሪያ የሚገባው አልጋ ስር ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ላይ ማን አለኝ?

እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት ይሄን ነው፣ አንድ ብር አያስወጣም። ድንገጎ ወይ ከሱ በላይ ባሉት ቀበሌዎች ዘመድ፣ የምትገዙበት አትክልት ነጋዴ፣ በዛ መስመር የሚሰራ ሹፌር፣ ማንም ይሁን አንድ ሰው ያዙ። "ላይ ሲከብድ አንዴ ብቻ ሚስኮል አድርግልኝ" በሉት። ደውሎ ማውራት አይጠበቅበትም፣ ሚስኮሉ ራሱ መልእክት ነው። ከዛ ናንተ ደሞ በወንዙ ዳር ላሉ አምስት ሰዎች ትደውላላችሁ፣ እነሱም ለየአምስት ሰው። እኛ ሰፈር እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ሌሊት ስልክ ሳይለንት ማድረግ በዝናብ ወራት ክልክል ነው ብለን ተስማምተናል። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ፊሽካም አለን፣ ሶስት ረጅም ፊሽካ ከተነፋ ተነስ ማለት ነው። መስማት የሚቸገሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መራመድ የማይችሉ ሰዎችን ማን እንደሚያነሳ አሁኑኑ በስም ተመዳደቡ። ሁሉም "እገሌ ያነሳቸዋል" ካለ ማንም አያነሳቸውም።

መውጫ መንገዱን ደሞ በቀን በእግራችሁ ሂዱበት። ህጉ ቀላል ነው፣ ወንዙን ሳይሻገር ወደ ከፍታ ቦታ የሚወስድ መንገድ። ቤተሰባችሁ ማዶ ቢሆን እንኳን፣ ከዚራ ያለ እዛው ከዚራ፣ መጋላ ያለ እዛው መጋላ ከፍ ያለ ቦታ ይቆይ። ልጆቹን አስተምሯቸው፣ "ወንዙ ሞልቶ ካገኛችሁት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት አትምጡ፣ እነ እገሌ ቤት ጠብቁ" በሏቸው።

ደረጃ 6፦ ሰማዩ ሲጠቁር

ብዙ ጊዜ ከሰአት ነው የሚመጣው፣ በርጫው ሞቆ፣ በር ተዘግቶ፣ ቬንትሌተሩ እየጮኸ። ስለዚ በዝናብ ወራት አንድ ሰው በየግማሽ ሰአቱ ወጣ ብሎ ወደ ደቡብ ይይ። ተራራው በዳመናው ውስጥ ከጠፋ፣ ወይም ከታች በኩል ግራጫ መጋረጃ የመሰለ ነገር ካያችሁ እዛ እየዘነበ ነው።

ያኔ የምታደርጉት በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ልጆቹን ከወንዙ አሸዋ ላይ አስጠሩ፣ የናንተ ልጅ ባይሆንም። ሁለተኛ ወንዙ ውስጥ እቃ የዘረጉ ሻጮች፣ መኪና የሚያጥቡ ልጆች፣ ፍየል ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ካሉ ንገሯቸው። ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው በአማርኛ ላይሰማችሁ ይችላል፣ በኦሮምኛ "ሎላ" በሶማሊኛ "ዳድ" በሉት፣ ጎርፍ ማለት ነው። ቀፊራና አሸዋ ገበያ አካባቢ የምትሰሩ ደሞ "ይቺን ሸጬ" አትበሉ፣ እቃው ይቅር። ሶስተኛ ቤት ተመለሱ፣ መሬት ላይ ያለውን ዲቫይደር ነቅላችሁ ጠረጴዛ ላይ አውጡ፣ ቲቪና ፍሪጅ ንቀሉ፣ ፍራሽ አንሱ፣ የዱቄቱን ጆንያ አልጋ ላይ አውጡ።

መብረቅ ካለ፣ ብልጭ ካለበት እስከ ድምፁ ድረስ ቁጠሩ። በየሶስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቤት ግቡ፣ ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰአት ቆይታችሁ ውጡ።

ደረጃ 7፦ ውሃው ሲመጣ

ደቻቱ ቀስ እያለ አይሞላም። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ ከባድ መኪና የሚያልፍ ዓይነት፣ ግን መኪናው አያልፍም። ቀጥሎ ሽታ አለ፣ የጭቃና የተነቀለ ስር ሽታ። ቀጥሎ ግንዱ፣ ጎማው፣ አረፋው ከፊት ከፊት እየተንከባለለ ይመጣል፣ ከኋላው ውሃው እንደ ግድግዳ ነው። አንዳንዴ ቀድሞ ትንሽ ቀይ ውሃ አሸዋው ላይ ሲልመጠመጥ ታያላችሁ፣ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ቪዲዮ ይቀርፃል። እባካችሁ አትቁሙ። ያ ትንሽ ውሃ የትልቁ መንገድ መሪ ነው።

ስለ መሻገር ልናገር። ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ውሃ በፍጥነት ሲሮጥ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ትንሽ መኪናን ሊያነሳ ይችላል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ደሞ ሶስት እግር ያለው ቀላል እቃ ነው፣ ጎኑ ክፍት ነው። አጎቴ ባጃጅ ይነዳል፣ አንድ ቀን ሁለት ተሳፋሪ "በዚ በኩል ብንሻገር ይቀርበናል፣ ጨምረን እንከፍላለን" ሲሉት እምቢ ብሎ ሂሳብም ሳይቀበል አወረዳቸው፣ ትንሽ ቆይቶ እዛው ቦታ የነበረ ድንጋይ ራሱ አልነበረም። ሹፌሮች፣ እምቢ በሉ። ተሳፋሪዎች፣ አትገፋፉ። ውሃው ጭቃ ስለሆነ ከስሩ ያለው መንገድ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም፣ ትናንት አስፋልት የነበረው ዛሬ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ድልድዩ ላይም ቆሞ ማየት ይቅር፣ ግንዱ ሲመታው ያናውጠዋል።

ድንገጎ መንገድ ላይ ከሆናችሁ፣ ከሐረር ስትወርዱም ስትወጡም፣ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያነሳው ሳሙና ይሆናል፣ ከተራራውም ድንጋይ ይለቃል። በማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን አትደጋግሙ፣ ጭጋጉ ከከበደ ገደል ስር ሳይሆን ገላጣ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ።

ውሃው ቤት መግባት ከጀመረ፣ መሬቱ ገና ደረቅ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ። እግራችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን ቆጣሪውን አትንኩ፣ ዝም ብላችሁ ውጡ። የታሰረ ፍየልና በግ ካለ ገመዱን ፍቱት፣ ራሱን ያድናል። ከዛ ቦርሳውን አንሱና የተለማመዳችሁበትን መንገድ ሂዱ። የረሳችሁት እቃ ካለ አትመለሱ።

ደረጃ 8፦ ውሃውን ማጠራቀም

የጎርፉን ነገር ከጨረስን ወደ በረከቱ እንምጣ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ከጉድጓድ ስለሚወጣ ከባድ ነው፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሰራው ለዛ ነው። የዝናብ ውሃ ግን ልስልስ ነው፣ ትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል፣ እናቶቻችን ነጠላና ፀጉር በሱ ማጠብ የሚወዱት በምክንያት ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 5 በ8 ከሆነ 40 ካሬ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር፣ የሚፈሰውና የሚተነው ሲቀነስ 640 ገደማ ይቀራል፣ 32 ጀሪካን ማለት ነው፣ ከአንድ ዝናብ! ግን ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያውን አትያዙ። ጣሪያው ላይ የወራት አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የደረቀ ቅጠል አለ። የመጀመሪያዎቹን 15 ወይ 20 ደቂቃ ልቀቁት፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ጥርት ሲል ወደ ሮቶው አዙሩት። የሮቶው አፍ ላይ ሻሽ እሰሩበት። ሬንጅ የቀባችሁት ጣሪያ ከሆነ ደሞ ለልብስና ለወለል ብቻ ይሁን። ለመጠጥ ካሰባችሁት አፍልታችሁ፣ በደንብ ተንፈቅፍቆ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ ሐረርና ከዛ በላይ ሶስት ደቂቃ ይቆይ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ እላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩበት።

ደረጃ 9፦ በማግስቱ

ጭቃው እርጥብ እያለ አውጡት። ነገ አወጣዋለሁ ያለ ሰው በድሬ ፀሀይ ከሲሚንቶ ጋር ነው የሚታገለው። ከመጀመራችሁ በፊት የተበላሸውን ፎቶ አንሱ፣ ቀበሌ ሲመዘግብ ይጠቅማችኋል። ቦት ጫማ ወይ ወፍራም ጫማ አድርጉ፣ እባብና ጊንጥ ከጉድጓዱ ተባሮ ቤት ይገባል፣ ጫማና ልብስ ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ። ጭቃው ከወጣ በኋላ በሳሙና አጥባችሁ አንድ ብርጭቆ በረኪና በ20 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ወለሉንና የግድግዳውን ታች አጥቡ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ መስኮት ክፍት ይሁን። ሽንት ቤት ሞልቶ ከፈሰሰ ግቢው በሙሉ እንደ ተበከለ ቁጠሩት፣ ልጆች በባዶ እግር አይውጡ። ጎርፍ የነካውን ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ አታድርቁት፣ ጣሉት። ከባድ ተቅማጥ የጀመረው ሰው ካለ ኦአርኤስ እያጠጣችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መብራቱን ሶኬቶቹ ደርቀው ባለሙያ ሳያያቸው አትመልሱ።

ከዛ ትንኝ። ይሄን ቀላል አታድርጉት። 2006 ላይ ዴንጊ፣ 2011 ላይ ቺኩንጉንያ ድሬ ላይ እንዴት አድርጎ ሰው እንዳስተኛ አይታችኋል፣ በ2014 ደሞ ወባው በደረቅ ወራት ተነሳ፣ ምክንያቱም ከኤስያ የመጣው አዲሱ የወባ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው የሚራባው። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ሳምንት እስከ አስር ቀን ይበቃዋል፣ ስለዚ በሳምንት አንድ ቀን፣ እኛ ጁምአ ጠዋት አድርገነዋል፣ አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የዶሮ ውሃ ሁሉ ይደፋል፣ በርሜሉ በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ሮቶው ይከደናል።

የቀረው ጣሪያው ነው። በዝናቡ ሰአት የት የት እንዳፈሰሰ ጠብታው ስር ያስቀመጣችሁትን ሳህን ቦታ ሳታነሱ በጠመኔ ወለሉ ላይ ክብ አድርጉበት፣ ጠዋት ቆርቆሮው ሳይሞቅ በክቡ ልክ ወጥታችሁ ድፈኑት፣ ሁለተኛው ዝናብ ከመጀመሪያው በኋላ ብዙ አይቆይም።